ፍሬን ያለውን ተሳቢ ያለ ፍሬን አትጎትቱ፦ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ አመራረጥና አጠቃቀም

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባ የገዛሁትን የፋይበር ጀልባ በፒክአፕ ጎትቼ ወደ ባሕር ዳር እየመጣሁ ነበር። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። የተሳቢውን ጎማ በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ገመዱን አጥብቄ የዓባይን በረሃ መውረድ ጀመርኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፋፉና ወንዙ መካከል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ የፍሬን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ጀልባው ከኋላ እየገፋኝ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እየተንገዳገድኩ ድልድዩ አካባቢ ስደርስ ከፊት ጎማዎቼ ጭስ ይወጣል። ጎማ ስር ድንጋይ አስገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልኩ። አንድ መንገደኛ በጄሪካን ውሃ ሊያፈስበት ሲል ለምኜ አስቆምኩት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ባሕር ዳር እንደገባሁ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። ካርቶን አንጥፎ ተሳቢው ስር ገባ። ሲወጣ እየሳቀ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ተሳቢ እኮ ፍሬን አለው።»

«አለው እንዴ ጋሼ?»

«አለው። የሚያዘው ነው ያጣው።»

አንዲት ሰማያዊ ሽቦ ይዞ አሳየኝ። ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ጭቃ ለብሳ ተንጠልጥላለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት ፍሬን ያለውን ተሳቢ ያለ ፍሬን እየጎተትኩ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሽቦና ስለ «አዛዡ»፣ ማለትም ስለ ተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያው ነው። ጀልባ ለሚጎትቱ አስቤ ነው የጻፍኩት። ግን የንብ ቀፎ፣ ጄኔሬተር ወይም ከብት የሚጎትትም ሰው ይጠቀምበታል።

አዛዡ ምን ይሠራል?

የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ጎማው ውስጥ ታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት አለው። ታምቡሩ ውስጥ እንደ ብዙ ፒክአፖች የኋላ ፍሬን ሁለት ሸራ አለ። ልዩነቱ፣ ሸራውን የሚገፋው የፍሬን ዘይት አይደለም። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ማግኔት ናት። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት የሚዞረው ታምቡር ላይ ትለጠፋለች። ታምቡሩ ይዟት ሊዞር ይሞክራል። እሷ የተገጠመችበት ክንድ ደግሞ አብሮ ይሳብና ሸራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብዙ ኤሌክትሪክ ከላካችሁ ጠንክራ ትይዛለች፣ ትንሽ ከላካችሁ ለስለስ አድርጋ።

መቆጣጠሪያው ሥራው ይኸው ነው፦ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ለማግኔቶቹ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚላክ ይወስናል። ከመሪው ስር የምትገጠም ትንሽ ሣጥን ናት። አንድ መጠን ማስተካከያ አላት፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚያስይዝ በእጅ የሚገፋ ማንሻ አላት፣ ቁጥር የሚያሳይ መስኮትም ሊኖራት ይችላል። በቃ።

ከመግዛታችሁ በፊት ተሳቢው ስር ግቡ

እውነቴን ነው፣ ካርቶን አንጥፋችሁ ግቡ። የተሳቢው ፍሬን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳታውቁ መቆጣጠሪያ መግዛት ጫማ ሳይለኩ እንደመግዛት ነው።

ከጎማው ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ታምቡሩ ከገቡ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። መቆጣጠሪያ ያስፈልጋችኋል።

ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው የብረት ዘንግና ገመድ ወይም የፍሬን ዘይት ቱቦ ከሆነ፣ የተሳቢው አንገት ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ነገር ካለ፣ ራሱ ተገፍቶ የሚይዝ ፍሬን ነው። መኪናው ሲቆም ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት ራሱ ፍሬኑን ያስይዛል። ሣጥን አይፈልግም። ከአውሮፓ የሚመጡ ትናንሽ ተሳቢዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። አሮጌ ከሆነ ወደኋላ ስትሄዱም ሊይዝባችሁ ስለሚችል መቆለፊያ እንዳለው እዩ።

ምንም ከሌለው ምንም የለውም። በአውሮፓ ሕግ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን እንዲጎተት ይፈቀዳል። እኔ ይህን ቁጥር እዚህም እንደ መለኪያ ነው የምይዘው። ከዚያ በላይ ከጫናችሁ ፍሬን ያለው አክሰል አስገጥሙ።

የከባድ መኪና ተሳቢ በአየር ነው የሚሠራው። እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ክብደቱንም እወቁ። «ጀልባው ቀላል ናት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ቀፎዋን ነው የሚቆጥረው። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እንደ ሥሪቱ ከ70 እስከ 100 ኪሎ አለው። 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መልሕቅ፣ ገመድ፣ የሕይወት ጃኬት፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ የተሳቢው የራሱ ብረት ሁሉ ይደመራል። የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ፈልጉና ተሳቢውን ብቻውን አቁማችሁ መዝኑ። የእኔው 900 ኪሎ ይሆናል ብዬ ገምቼ 1,340 ኪሎ ሆኖ ቁጭ አለ። የመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ ደግሞ መጎተት የሚችለው ክብደት ተጽፏል። ሁለት ቁጥር አለው፦ ተሳቢው ፍሬን ሲኖረውና ሳይኖረው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የትኛውን ልግዛ?

ገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁት።

አንደኛው በጊዜ የሚሠራ ነው። ፔዳሉን ስትነኩ መቁጠር ይጀምራል። ኤሌክትሪኩን ከትንሽ ጀምሮ እናንተ አስቀድማችሁ ባስተካከላችሁት ፍጥነት እየጨመረ ይልካል። መኪናው እንዴት እየቆመ እንደሆነ አያውቅም። ፔዳሉን ዳበስ ብታደርጉትም፣ በሙሉ ኃይላችሁ ብትረግጡትም ለእሱ አንድ ነው።

ሁለተኛው መኪናው በምን ያህል ኃይል እየቆመ እንዳለ የሚለካ ነው። ውስጡ የፍጥነት ለውጥን የሚያነብ ዳሳሽ አለው። መኪናው ለስለስ ብሎ ሲቆም ተሳቢውንም ለስለስ አድርጎ ይይዛል። መኪናው በድንገት ሲቆም እሱም በድንገት ይይዛል።

የባሕር ዳርን መንገድ አስቡት። ዘንባባው ስር ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ነው። ባጃጅ ከቀኝ መጥቶ ተሳፋሪ ለማንሣት ፊታችሁ ላይ ቀጥ ይላል። በጊዜ የሚሠራው ሣጥን ገና ከአንድ ወደ ሁለት እየቆጠረ ነው። በዚያች ቅጽበት 1,300 ኪሎ ከኋላ እየገፋችሁ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በብስክሌትና በእግረኛ መሃል እየቆማችሁ እየተነሣችሁ ስትሄዱ፣ እግራችሁን ፔዳል ላይ ትንሽ ካቆያችሁ ተሳቢውን ያለልክ ያስይዝና ያንገጫግጫችኋል። ስለዚህ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ የሚለካውን ግዙ። ዋጋው ይበልጣል። በጊዜ የሚሠራው የሚበቃው ቀላል ተሳቢ ባዶ መንገድ ላይ አልፎ አልፎ ለሚጎትት ሰው ነው።

ሲገዙ የሚታዩ ሌሎች ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቮልት ነው። ፒክአፕና ላንድክሩዘር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ናቸው። ብዙ የጭነት መኪናዎች ግን 24 ናቸው። የ12 ቮልት ሣጥን 24 ላይ ከገጠማችሁት ጭሱን አይታችሁ ትማራላችሁ። የአውስትራሊያው ሬዳርክ ቶው-ፕሮ ኢሊት በሁለቱም ይሠራል።

ሁለተኛው የፍሬን ብዛት ነው። አንድ አክሰል ሁለት ፍሬን ነው፤ ሁለት አክሰል አራት። ሣጥኑ ላይ ስንት እንደሚችል ተጽፏል። አንዲት ማግኔት ወደ 3 አምፔር ገደማ ትወስዳለች። ሁለት ፍሬን 6፣ አራት ፍሬን 12 አምፔር ማለት ነው። ይህችን ስሌት ያዟት፤ በኋላ ብልሽት ስትፈልጉ ትጠቅማችኋለች።

ሦስተኛው የእጅ ማንሻው ነው። በጨለማ ሳታዩት እጃችሁ የሚያገኘው መሆን አለበት። በስልክ ብቻ የሚታዘዙ ገመድ አልባዎችም መጥተዋል። ለተከራየ መኪና ጥሩ ናቸው። እኔ ግን ቁልቁለት መሃል ስልኬ እንዲደወልልኝ አልፈልግም።

እዚህ አገር ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ብዙው ሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው የሚያስመጣው። ከሆነ አይቀር መግጠሚያ ቅንፉንና መመሪያ ወረቀቱን አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት። ቴኮንሻ፣ ከርትና ሬዳርክ በየአገራቸው የታወቁ ስሞች ናቸው። ያገለገለ ከገዛችሁ ሽቦው ከሣጥኑ ሥር የተቆረጠውን ተዉት።

አራቱ ሽቦዎች

መግጠሙ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ግን ልቅም ያለ ሥራ ይፈልጋል። ከብዙዎቹ ሣጥኖች አራት ሽቦ ይወጣል። ቀለማቸው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ የራሳችሁን ወረቀት ግን አመሳክሩ።

ጥቁሩ ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ ይሄዳል። አዎ፣ ጥቁሩ! እዚህ ጋ ብዙ ኤሌክትሪሺያን ይሳሳታል፤ ጥቁር ሲያይ እጁ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፤ ከሬዲዮ ወይም ከሲጋራ መለኮሻ ሽቦ አትቀጥሉት። ባትሪው አጠገብ መከላከያ ፊውዝ ወይም ራሱ የሚመለስ ብሬከር ግጠሙ። ለሁለትና ለአራት ፍሬን 20 አምፔር፣ ለስድስትና ለስምንት 30።

ነጩ ኔጋቲቭ ነው። እሱንም ባትሪው ድረስ ውሰዱት ወይም ቀለም የተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ በብሎን እሰሩት።

ቀዩ ወደ ፍሬን መብራት ማብሪያው ነው። ከፔዳሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ፈልጉ። በቴስተር ስትፈትሹ ፔዳሉ ሳይረገጥ ኤሌክትሪክ የሌለበት፣ ሲረገጥ ግን የሚመጣበትን ሽቦ ነው የምትፈልጉት። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ወገን ካያያዛችሁት ሣጥኑ ቀኑን ሙሉ ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል።

ሰማያዊው ወደ ተሳቢው የሚሄደው ነው። ከሣጥኑ ተነስቶ በመኪናው ሆድ አድርጎ ከኋላ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል። ሶኬቱ ሰባት ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። አራት ቀዳዳ ያለው መብራትና ፍሬቻ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ለፍሬን ቦታ የለውም። የእኔ ሽቦ ተንጠልጥላ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነበር። የድሮው ባለቤት ባለ አራቱን ሶኬት ገጥሞ፣ የተረፈችውን በናስትሮ ጠቅልሎ ተዋት።

የሽቦው ውፍረት ላይ አትቆጥቡ። ለጥቁሩና ለሰማያዊው ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር ተጠቀሙ፤ ተሳቢው ረጅም ወይም ባለ ሁለት አክሰል ከሆነ 6። ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪኩን በመንገድ ይበላዋል፤ ማግኔቷ ጋ 12 ቮልት መድረስ ሲገባው 9 ይደርሳል። ከዚያ ሣጥኑን ትሰድባላችሁ።

ነጩን የተሳቢውን ሽቦ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰው ተሳቢው በመጎተቻው ኳስ በኩል ከመኪናው ጋር ስለተነካካ ኔጋቲቭ የተገኘ ይመስለዋል። ኳሱ ላይ ግራሶ አለ፣ ቀለም አለ፣ ዝገት አለ። በእሱ አትተማመኑ። በሶኬቱ በኩል የሚሄድ ራሱን የቻለ ወፍራም ነጭ ሽቦ ይኑር። ካየኋቸው «መቆጣጠሪያው አልሠራም» ከተባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ነበር።

ሣጥኑን ስትገጥሙት በጠንካራ ነገር ላይ፣ ወደ መኪናው አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። የሚለካው ዓይነት ከሆነ ሲወዛወዝ ወይም ወደ ጎን ዞሮ ሲታሰር ንባቡ ይዛባል። ጉልበታችሁ እንዳይመታውም ተጠንቀቁ። ተሳቢውን ወይም መኪናውን ብየዳ ስትወስዱ ደግሞ ባትሪውንና የተሳቢውን ሶኬት ንቀሉ።

ታምቡሩ ካልተስተካከለ ሣጥኑ ምን ያድርግ?

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ከሆነ ማግኔቷ የምትችለውን ያህል ብትስብም ክንዱ ጫፍ ደርሶ ይቆማል፤ ሸራው ግን ገና አልነካም።

ተሳቢውን ደረቅ ሜዳ ላይ ከመኪናው ጋር አያይዙት። የመኪናውን የእጅ ፍሬን ያዙ። በሌላው ወገን ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ጎማውን በክሪክ አንሱና ደጋፊ አስገቡለት፤ ክሪክ ብቻ አይታመንም። ከታምቡሩ ጀርባ፣ ወደ ታች፣ በላስቲክ የተከደነች ቀዳዳ አለች። ላስቲኳን አውጡና በባትሪ መብራት እዩ። ጥርስ ያላት ትንሽ የብረት መዘውር ትታያለች። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ጥርሷን አንድ በአንድ ግፉ። በየሁለት ሦስት ጥርሱ የተሳቢውን ጎማ በእጅ አዙሩ። መጀመሪያ በነፃ ይሽከረከራል። ቀጥሎ ሽር፣ ሽር የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ በእጅ ለማዞር እስኪከብድ ድረስ ቀጥሉ። አሁን ወደኋላ መልሱ፤ ጎማው በነፃ ሲዞርና ሸራው ጫን ሳይል ዳበስ ሲያደርገው ብቻ ተዉት። ሌላውንም ወገን እንዲሁ። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ከሁሉ ይበልጣል። አንዱ ጠብቆ አንዱ ከላላ ተሳቢው ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይስባችኋል።

ጎማው እንደተነሳ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ የእጅ ማንሻውን ይግፋ። እናንተ ጎማውን አሽከርክሩት። ቀጥ ካለ ደስ ይበላችሁ። ፔዳሉን ግን በዚህ ፈተና አትመኑት። የሚለካው ዓይነት ሣጥን መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳል ብትረግጡ የሚልከው በጣም ትንሽ ነው፤ መኪናው እየቆመ እንዳልሆነ ያውቃላ! «ተበላሸ» ብለው የሚመልሱት ሰዎች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት። አንድ አምፔር መለኪያ ካገኛችሁ ሰማያዊው ላይ ግጠሙት። ማንሻው እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ሁለት ፍሬን ያለው ተሳቢ ወደ 6 አምፔር ካልወሰደ፣ ለምሳሌ 3 ብቻ ካሳየ፣ አንዷ ማግኔት ሞታለች ወይም ሽቦዋ ተበጥሷል።

መጠኑን ማስተካከል

ጠዋት ማልዳችሁ ውጡ። ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ሰውና ከብት የሌለበት አስፋልት ፈልጉ። የፎገራ ሜዳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊና ለጥ ያለ ቢሆንም የፍሬን መሞከሪያ አይደለም፤ ከኋላችሁ የሚመጣውን ሰው አስቡ። ተሳቢው የወትሮ ጭነቱን ይያዝ። በባዶው ያስተካከላችሁት መጠን ለጭነቱ አይሆንም።

መጀመሪያ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ይዛችሁ አሙቁት። መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ እስከ 10 የሚቆጥር ከሆነ 3 ወይም 4 ይሁን። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳችሁ የእጅ ማንሻውን ብቻ እስከ መጨረሻ ግፉ፤ የመኪናውን ፔዳል አትንኩ። ከኋላ ሰው ቀስ ብሎ እንደያዛችሁ ያህል ካልተሰማችሁ ጨምሩ። ድገሙት። በስፖኪዮ ጎማውን እዩ። የሆነ ጊዜ ላይ ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ ይንሸራተታል፤ ጩኸቱን ትሰማላችሁ፣ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። አሁን ትንሽ ቀንሱ። ጎማው ጠንክሮ ይዞ ግን ሳይንሸራተት የሚቀርበት ቁጥር የእናንተ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት፤ አንዱን ለሙሉ ጭነት፣ አንዱን ለባዶ።

ቀጥሎ በፔዳሉ ሞክሩ። ስትቆሙ ተሳቢው የሚገፋችሁ ከሆነ ያንሳል። ወደኋላ የሚጎትታችሁ፣ አንገታችሁን የሚነቀንቃችሁ ከሆነ ይበዛል። በትክክለኛው ላይ ተሳቢ እንዳለ ትረሳላችሁ።

ሸራው አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ላይ በደንብ አይዝም። ከ65 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየቀነሳችሁ፣ መሃል መሃል እያቀዘቀዛችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከያዛችሁት በኋላ ይገራል። ያኔ መጠኑን እንደገና አስተካክሉ። ከመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር በኋላ ታምቡሩንም መለስ ብላችሁ እዩ፤ ከዚያ በየ5,000ው።

መንገድ ላይ

ፍሬን ሙቀት ይገድለዋል፤ የኤሌክትሪኩንም ጭምር። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ዝቅ ያለ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ይያዛችሁ። ፍሬኑን ተደግፋችሁ አትውረዱ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ልቀቁ፣ ይንፈስ። መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። ሁሉም ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው መልካም። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱ ሥራ ፈት ነው፤ ሸክሙን ሌሎቹ ተሸክመውለታል።

ተሳቢው ጭራውን መወዝወዝ ከጀመረ፣ በነፋስ ወይም ትልቅ መኪና አጠገባችሁ ሲያልፍ፣ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ። መሪውንም እያዟዟራችሁ አትታገሉት። ነዳጁን ልቀቁና የእጅ ማንሻውን ብቻ ለስለስ አድርጋችሁ ግፉ። ተሳቢው ከኋላ ሲያዝ እንደ ተወጠረ ገመድ ይቀናል። ማንሻው ለዚህች ደቂቃ ብቻ ቢሆን እንኳ ዋጋውን ያወጣል። መወዝወዙ ከተደጋገመ ግን ጭነቱ ወደኋላ ከብዷል ማለት ነው። ከተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ጀልባውን ወደፊት ሳቡት።

ስለ መገንጠያው ማብሪያ ደግሞ፦ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ የራሱ ትንሽ ባትሪና በገመድ ከመኪናው ጋር የሚታሰር ፒን ይኑረው። ተሳቢው ከኳሱ ቢወጣ ፒኑ ይነቀላል፣ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ገመዱን ከመኪናው አካል ጋር እሰሩት እንጂ ከኳሱ ወይም ከሰንሰለቱ ጋር አታያይዙት። ስትሞክሩት መጀመሪያ የመኪናውን ሶኬት ንቀሉ፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ ወደ ሣጥኑ ተመልሶ ሊያበላሸው ይችላል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ፒኑ ጌጥ ነው።

ጣና ዳር

የጀልባ ተሳቢ ውሃ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ውሃ አይወድም። የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ ያ ትልቅ ዕድል ነው። ጭቃውና እንቦጩ ግን አለ፤ ሥሩ አክሰሉ ላይ ተጠምጥሞ ስንት ጊዜ በቢላዋ ቆርጫለሁ።

ዳርቻው ጋ እንደደረሳችሁ ወዲያው ወደኋላ አትግቡ። ሻይ ጠጡ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን በጎሚኒው በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሲበርድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጫፉን ወደ ላይ ስቀሉ፣ ከዚያ ግቡ። ስትወጡ ሶኬቱን አድርቃችሁ መልሱት። የመጀመሪያውን መንገድ በዝግታ እየነዳችሁ ማንሻውን አራት አምስት ጊዜ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሸራው ይደርቃል። ያን ሳታደርጉ ከተማ ከገባችሁ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆንባችኋል።

በየቀኑ ጀልባ የምታወጡና የምታስገቡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ዘጌ ቱሪስት የምታመላልሱ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፦ የኤሌክትሪክ ታምቡር ለእናንተ አይደለም። በግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ውሃውን ይበልጥ ይችለዋል። የእኔ ተሳቢ በወር ሁለት ጊዜ ነው ውሃ የሚነካው፤ ለእሱ ይበቃል። ያም ሆኖ በዓመት አንዴ ታምቡሩን ከፍቼ ማግኔቷን አያለሁ፣ ግራሶ ወደ ሸራው ፈስሶ እንደሆነ አያለሁ። ግራሶ የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል።

ክረምቱን ቆሞ የከረመ ተሳቢ ደግሞ ክንዱ በዝገት ይያዛል። መስከረም ላይ ለጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት በክሪክ አንሱት፣ ጎማውን አሽከርክሩ፣ አንድ ሰው ማንሻውን ይግፋ። ጎማው ቀጥ ካለ ጉዞ ነው። ካላለ ካርቶን አንጥፉ።